አዳማ ላይ የቤተሰብ ታሪክ ለምትፈልጉ

የአያቶቻችሁን ታሪክ ከአዳማ መዛግብት ልታወጡ ካሰባችሁ፣ «አዳማ» እያላችሁ ብቻ አትጠይቁ። በንጉሡም በደርግም ጊዜ ከተማዋ ናዝሬት ነበረች፤ አውራጃው ደግሞ የረርና ከረዩ። የቆየ ፋይል ላይ የምታገኙት እነዚህን ስሞች ነው።

ዋናው ጣጣ የሰው ስም ነው። የአባት ስም ብቻ ይዞ መሄድ ያደክማል። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ማዕረግ ካላቸውም ግራዝማች ይሁኑ ባላምባራስ ጽፋችሁ ያዙ። የክርስትና ስም እንዳትረሱ! ሰፈሩ ሁሉ ተስፋዬ የሚላቸው ሰው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ወልደ ማርያም ሊሆኑ ይችላሉ። «ኃይሉ»ን ስትፈልጉ «ሀይሉ»ንም እዩ።

የቤት ጉዳይ ከሆነ 1967 ዓ.ም.ን ልብ በሉ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት የሆነው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት በአያታችሁ ስም የነበረው ቤት፣ ከዚያ በኋላ የቀበሌ ቤት ተብሎ ተመዝግቦ ይሆናል።

የትብብር ደብዳቤ ያዙ፤ ነገሩን ያቀልላችኋል። መጻፊያችሁ እርሳስ ይሁን፣ እስክሪብቶ ያረጀ ወረቀት ያበላሻል። ፎቶ ለማንሳት አስፈቅዱ። እዚህ ያጣችሁትን አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሞክሩ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የቤታችሁን ትልልቅ ሰዎች ጠይቁ፤ የድሮ የግብር ደረሰኝ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ይሆናል።