የሮኬት ኖዝል ሲሙሌሽን፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ለከፍተኛ ከፍታ የተነደፈ የሮኬት ኖዝል (የሞተሩ ጋዝ የሚወጣበት ደወል መሰል አፍ) መሬት ላይ ሲለኮስ ጋዙን ከመጠን በላይ ያሰፋዋል። በግድግዳው ላይ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት እጅግ ሲያንስ ፍሰቱ እስከ ኖዝሉ ጫፍ መድረስ ያቅተውና ከግድግዳው ይላቀቃል፤ በዚያው ስፍራ ሾክ ሞገድ (ግፊቱ በድንገት የሚዘልበት ቀጭን ድንበር) ይፈጠራል። ሞገዱ አንድ ቦታ አይረጋም። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይመላለሳል፣ በአንዱ ጎን ሲቀድም በሌላው ይዘገያል፣ ኖዝሉንም ወደ ጎን ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር (ስፔስ ሻትል) ዋና ሞተር ሲፈተሽ በኖዝሉ ላይ ያለውን የሃይድሮጅን ቧንቧ ለስብራት የዳረገው ይህን መሰል የጎን ኃይል ነበር።

ኮምቦልቻ ውስጥ ሜካኒካል ምህንድስና የሚያጠኑ ተማሪዎች ይህን ፍሰት በኮምፒውተር ማስላትን (ሲሙሌሽን) ለመመረቂያ ሥራቸው ሲመርጡ ከልብ ደስ ይለኛል። ኦፕንፎም የተባለው የፍሰት ማስሊያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ጥሩ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ካለ ብዙ መሥራት ይቻላል። የሚያሳዝነኝ ግን አብዛኞቹ ስህተቶች ሊጠና የታሰበውን እንቅስቃሴ ራሱን የሚያጠፉ መሆናቸው ነው።

የውጭውን ግፊት እንደ ባሕር ወለል መውሰድ። ይህ ስህተት ወሎ ውስጥ ዋጋው ከባድ ነው። ብዙ የተዘጋጁ ምሳሌዎች 101.3 ኪሎ ፓስካልን ይዘው ይመጣሉ። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ ግን የአየሩ ግፊት ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ሐረጎን ወርዳችሁ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወደ 81 ከፍ ይላል። በቀዝቃዛ አየር የሚሠራ ትንሽ ኖዝል ከኮምፕሬሰር ጋር አገናኝታችሁ መለኪያው 7 ባር (700 ኪሎ ፓስካል) አነበበ እንበል። መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ ደሴ ላይ እውነተኛው የመግቢያ ግፊት 775 ኪሎ ፓስካል፣ የመግቢያውና የውጭው ጥምርታም 10.3 ይሆናል። ኮምቦልቻ ላይ ያው ንባብ 9.6 ይሰጣል። ንባቡን ሳያርም 700ን ለ101.3 ያካፈለ ተማሪ 6.9 ላይ ይቀራል፤ እሱ የሚያሰላው ፍጹም ሌላ ፍሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ተመራማሪው ሰመርፊልድና ባልደረቦቹ ያቀረቡት የቆየ መመዘኛ ፍሰቱ የሚላቀቀው የግድግዳው ግፊት ከውጭው ግፊት ወደ 0.4 እጥፍ ሲወርድ ነው ይላል። በባሕር ወለል ይህ 40 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፣ ደሴ ላይ 30። መመዘኛው ለመጀመሪያ ግምት እንጂ ለመጨረሻ ውጤት አይሆንም፤ ሆኖም ግፊቱን በባሮሜትር ሳይለኩ ሥራ መጀመር እንደማይገባ ለማሳየት በቂ ነው።

የጎን ኃይልን ከቁራጭ ሞዴል መጠበቅ። ስሌት ለመቆጠብ ኖዝሉን በዘንጉ ዙሪያ ፍጹም ተመሳሳይ አድርጎ በሁለት ልኬት መሥራት የተለመደ ነው። ስለ አማካይ የግድግዳ ግፊት ብዙ ያስተምራል። የጎን ኃይልን በተመለከተ ግን መልሱ ስሌቱ ሳይጀመር ታውቋል፦ ዜሮ። ግማሽ ኖዝል መሥራትም ፍሰቱ በመቁረጫው ገጽ ግራና ቀኝ እንዳይለያይ ያስገድደዋል። የኮምፒውተራችሁ አቅም ሙሉውን ዙር የማይችል ከሆነ ጥያቄያችሁን ቀይሩ፤ የመላቀቂያውን አማካይ ቦታ ብቻ ማጥናትም የተከበረ ሥራ ነው።

የቱርቡለንስ ሞዴልን በልማድ መምረጥ። ቱርቡለንስ ሞዴል የፍሰቱን ትርምስ በግምት የሚወክል ቀመር ነው። ከእነዚህ መደበኛው ኬ-ኤፕሲሎን ፍሰቱ ከግድግዳው የሚላቀቅበትን ቦታ ወደ ኖዝሉ ጫፍ ያዘገየዋል። ኤስኤስቲ የተባለው ሌላ ሞዴል ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በጊዜ በሚለዋወጥ ስሌትም ቢሆን የሞገዱን መንቀጥቀጥ ክፉኛ ሊያደበዝዘው ይችላል። ለእንቅስቃሴው ትላልቅ አዙሪቶችን በቀጥታ የሚያሰላ ቅይጥ ዘዴ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ሜሽ (የሚሰላውን ቦታ ወደ ትናንሽ ሴሎች የሚከፋፍል መረብ) ይጠይቃል።

የመነሻ ሁኔታን መናቅ። የተላቀቀው ፍሰት እስከ መውጫው ከግድግዳው ርቆ ሊሄድ ይችላል፤ እንደገና ተመልሶ ግድግዳውን ሊይዝም ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1973 ጄ-2ኤስ በተባለው የአሜሪካ ሮኬት ሞተር ኖዝል ጥናት ተገልጿል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት የግፊት ጥምርታ ሞተሩ ሲነሣና ሲጠፋ አንድ አይደለም። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ግፊት፣ ከባዶ ኖዝል የተነሣ ስሌትና ከሙሉ ፍሰት የወረደ ስሌት ሁለት የተለያዩ መልሶች ሊሰጡ ይችላሉ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከየት እንደተነሣችሁ በሪፖርቱ ላይ ካልጻፋችሁ ማንም ሥራችሁን ሊደግመው አይችልም።

የውሸት ሾክን እንደ ግኝት ማቅረብ። አንደኛ ደረጃ (ግምቱ ሻካራ የሆነ) የስሌት ዘዴ ሾኩን በብዙ ሴሎች ላይ ያፈሰዋል፤ መወዛወዝን የሚገታ ገደብ የሌለው ሁለተኛ ደረጃ (ይበልጥ ትክክለኛ) ዘዴ በሾኩ ዙሪያ የሌለ መወዛወዝ ይፈጥራል። ከሁሉ የከፋው ካርባንክል የሚባለው ነው፦ እንደ ሮ ባሉ የሾክ ማስሊያ ዘዴዎች፣ ጠንካራው ቀጥ ያለ ሾክ ከሜሹ መስመር ጋር ሲገጥም መሐሉ ላይ ሐሰተኛ እብጠት ይወጣል። በአንዳንድ ኖዝሎች ውስጥ እውነተኛው ሾክ ራሱ ስለሚጎብጥ ሁለቱን መለየት ይከብዳል። ሜሹን ለውጡ፣ ዘዴውን ሾኩን ይበልጥ ወደሚያለዝበው ኤችኤልኤልኢ ቀይሩ፤ ቅርጹ ከጠፋ አትመኑት።

ስሌቱን ኖዝሉ ጫፍ ላይ መቁረጥ። የተላቀቀው ክፍል አየር የሚስበው ከውጭ ነው። ሰፊ የውጭ ክልል ጨምሩ፤ ድንበሩም ሞገድ የማያንጸባርቅ ይሁን። የትኩስ ጋዝ ኖዝል ከሆነ ደግሞ የቀዝቃዛ አየርን የሙቀት አቅም ጥምርታ (ጋማ)፣ 1.4ን፣ አትጠቀሙ፤ የቃጠሎ ጋዝ ወደ 1.2 ይጠጋል።

ቶሎ ማቆም። በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ አንድ ዙር ለመጨረስ 10 ሚሊሴኮንድ ይፈልጋል። የጊዜ እርምጃችሁ 1 ማይክሮሴኮንድ ከሆነ ይህ 10,000 እርምጃ ነው፤ ለአማካይ የሚበቃ መረጃ ግን ብዙ አሥር ዙሮችን ይጠይቃል። ስሌቱ ቀናት ይወስዳል፣ በቀናት ውስጥ ደግሞ መብራት መጥፋቱ አይቀርም። ስለዚህ ስሌቱ የደረሰበትን በየጊዜው አስቀምጡ። ሁለተኛ ደረጃ የጊዜ ዘዴ ያለፉትን ሁለት እርምጃዎች ስለሚፈልግ የመጨረሻውን ብቻ ይዞ መነሣት ትክክለኛነቱን ለጊዜው ይቀንሳል፤ በግፊት መዝገባችሁም ላይ የሌለ ምት ሊያስገባ ይችላል። ሁለቱንም አስቀምጡ፤ መብራት ተቋርጦ ስሌቱ የቀጠለበትን ሰዓትም መዝግቡ፣ በኋላ የግፊቱን ድግግሞሽ ስትተነትኑ ያንን ቁራጭ ለይታችሁ እንድታወጡት።