የጄት ጀልባዬ ፓምፕ ጉልበቱን እንዴት መለስሁለት

ባሕር ዳር ላይ የምነዳት የጄት ጀልባ (በፓምፕ ውኃ ስባ ወደ ኋላ በመርጨት የምትሄድ ናት) ሞተሯ እየጮኸና የዙር ቆጣሪው ከወትሮው በላይ እየወጣ ፍጥነቷ ግን አልጨምር ስላለ፣ ጉድለቱ ከፓምፑ መሆኑን ጠረጠርሁ። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ነቅዬ፣ በውኃ መሳቢያው ፍርግርግ ላይ የተጠመጠመውን የእምቦጭ ሥር ለቅሜ አወጣሁ፤ ጥቂት ተሻላት እንጂ አልዳነችም።

ፓምፑን ስፈታው፣ የኢምፔለሩ፣ ማለትም በፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ውኃውን የሚገፋው ክፍል፣ ክንፎችና ዙሪያቸውን የከበበው ቀለበት በአሸዋ ተበልተው፣ በመካከላቸው 1 ሚሊሜትር የሚጠጋ ክፍተት አገኘሁ። ውኃው በዚያ ክፍተት ተመልሶ ወደ መሳቢያው ስለሚያፈተልክ ግፊቱ ይባክናል። ቀለበቱን ቀየርሁ፤ የክንፎቹን የፊት ጠርዝም በሞረድ አስተካክዬ ክፍተቱን ወደ 0.3 ሚሊሜትር አወረድሁት። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝና አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ አስቀድሞ ጉልበት ስለሚያጣ፣ እንዲህ ያለው ብክነት ያሳዝነኛል። አሁን ነዳጁን ገና ስሰጣት አፍንጫዋን አንሥታ ትፈተለካለች።