የሺማኔ ዓይነት ባለመስመር ሳህን ለመሥራት

እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች በ1934 እ.ኤ.አ. ጃፓን፣ ሺማኔ ውስጥ ፉጂና ከሚባለው ቦታ ሠርቷል፤ የአገሩ የእንግሊዝ ባለመስመር ሳህን አሠራር እዚያ እስካሁን አለ። ደስ የሚለው ነገር፣ ሥዕሉ ይቀድማል፣ ቅርጹ ይከተላል።

ጭቃውን እንደ ቂጣ ዳምጡት። በውሃ የቀጠነ ጥቁር የሸክላ ፈሳሽ አልብሱት፤ ወዲያው፣ ሳይደርቅ፣ ነጩን ፈሳሽ አፈ ጠባብ በሆነ ዕቃ በመስመር በመስመር አፍስሱበት። እጃችሁ አይቁም፣ ካመነታችሁ መስመሩ ያብጣል። ከዚያ በላባ ጫፍ መስመሮቹን አቋርጣችሁ ሳብ አድርጉ፤ ነጩ እየሾለ ጥቁሩ ውስጥ ይገባል። በቃ፣ አትነካኩት!

የላዩ እርጥበት ጠፍቶ ጣት ላይ የማይለጠፍ ሲሆን ቅርጽ ማውጫው ላይ ቀስ ብላችሁ አስተኙት። በደንብ ሲደርቅ በሸክላ ምድጃ ተኩሱት፣ ግሌዝ (ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚሆን ቅብ) ቀብታችሁ እንደገና ተኩሱት። ምግብ የሚበላበት ከሆነ እርሳስ ያለበት ግሌዝ በፍጹም እንዳትጠቀሙ።