የሊኑክስ ከርነል ስትቀይሩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠበቁ

ከሁሉም የከፋው አሮጌውን ከርነል፣ ማለትም ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘውን የሲስተሙን እምብርት፣ ቶሎ ማጥፋት ነው። አዲሱ ተጫነ ማለት ይነሳል ማለት አይደለም። ሊኑክስ ብዙ ከርነሎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። አዲሱ አልነሳም ካለ ከግሩብ (ማሽኑ ሲነሳ ከርነሉን የሚያስጀምረው ፕሮግራም) ሜኑ አሮጌውን መርጣችሁ ትገባላችሁ። ኡቡንቱ ላይ ሜኑው ካልታያችሁ፣ ማሽኑ ሲነሳ ሺፍትን ወይም ኤስኬፕን ሞክሩ። አሮጌውን ካጠፋችሁት ግን በፍላሽ አስነስቶ መጠገን ሊመጣ ነው። ኔትወርኩም፣ ድምፁም፣ ስክሪኑም በአዲሱ መሥራታቸውን ሳታዩ አትንኩት።

አሮጌዎቹ ሲከማቹም ሌላ ጣጣ አለ። ቡት የሚባለው ክፍልፍል ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። ከሞላ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለው ፋይል በትክክል ሳይሠራ ይቀራል። ከርነሉ ዋናውን ዲስክ የሚያገኝባቸው ድራይቨሮች ያሉት እዚያ ውስጥ ስለሆነ፣ ማሽኑ ከርነል ፓኒክ ብሎ ቀጥ ሊል ይችላል። ከመጫናችሁ በፊት ቦታውን እዩ። የሚሠራ አንድ አሮጌ አስቀርታችሁ ትርፉን በፓኬጅ ማኔጀር አስወግዱ እንጂ ፋይሎቹን በእጅ አትሰርዙ።

ቁጥር ማሳደድም አይጠቅምም። ከ5.19 ቀጥሎ 6.0 የመጣው የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ቁጥሩ እንዳይረዝም ብሎ ነው፤ ከርነሉ ከሥሩ ስለተለወጠ አይደለም። አዲስ ቨርዥን በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ይወጣል። ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጠው ቨርዥን) ካልሆነ ቀጣዩ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ድጋፉ ይቋረጣል። ለሰርቨር እንደ 6.12 ያለ ኤልቲኤስ ይሻላል ባይ ነኝ። ገና ገበያ የገባ ላፕቶፕ ዋይፋዩ ካልታወቀለት ግን አዲሱን መፈለግ ያስኬዳል። ሬድ ሃት 9 የሚባለው የሊኑክስ ስርጭት ከርነሉ 5.14 ስለሚል ያረጀ እንዳይመስላችሁ፤ የደህንነት ጥገናዎቹ ከአዳዲሶቹ እየተወሰዱ ይገቡበታል።

ከርነሉን ከምንጭ ኮዱ ራሳችሁ የምትገነቡ ከሆነ ኮንፊጉን (ምን እንደሚካተትበት የሚወስነውን ፋይል) ከዜሮ አትጀምሩ። አሁን የሚሠራውን ቅዱና ሜክ ኦልድኮንፊግ (make oldconfig) የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። የሚጠይቃችሁ አዲስ የመጡትን አማራጮች ብቻ ነው። ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ (make localmodconfig) ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። በዚያ ሰዓት የተጫኑትን ሞጁሎች (እንደ ድራይቨር ያሉ ከርነሉ ላይ የሚጨመሩ ቁራጮች) ብቻ ስለሚያስቀር፣ ያልሰካችሁት ካሜራ በኋላ ድራይቨር ሊያጣ ይችላል።

የኤንቪዲያን የግራፊክስ ድራይቨር ወይም ዜድኤፍኤስ የሚባለውን ፋይል ሲስተም በዲኬኤምኤስ (ለየከርነሉ ሞጁል በራሱ የሚገነባ መሣሪያ) ለምትጠቀሙ፣ ለግንባታው የሚያስፈልገው የአዲሱ ከርነል ሄደርስ ፓኬጅ ከሌለ ሞጁሉ አይገነባም። ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ያልተፈረመ ኮድ የሚያግደው ጥበቃ) ከበራ ደግሞ ሞጁሉ መፈረም አለበት።

ጭኖ ሪስታርት አለማድረግም የተለመደ ነው። በዩኔም (uname -r) ትእዛዝ አሁን የሚሠራውን ቨርዥን ተመልከቱ። የድሮውን ቁጥር ካሳያችሁ፣ የጫናችሁት የደህንነት ጥገና ሥራ አልጀመረም።