ጎመን ላይ ክሽክሽን በጥንዚዛ መከላከል

አዳማ አካባቢ አዋሽን ይዞ ጎመን የሚያለማ ሰው ክሽክሽ የሚባለውን ጥቃቅን ተባይ ሳያውቅ አይቀርም። ክረምቱ ወጥቶ ደረቁ ወራት ሲገባ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ውስጡ ግራጫ ሰም በለበሱ ነፍሳት ይሞላል። ያኔ ሁሉም የሚሮጠው ወደ መርጫ ፓምፑ ነው። ክሽክሽ በሊታዎቹ ግን እዚያው ማሳችሁ ውስጥ አሉ። የእናንተ ሥራ አለመግደልና ማብዛት ነው።

መጀመሪያ እንደ ማላታይን ያለውን፣ ያገኘውን ሁሉ የሚፈጅ መድኃኒት አቁሙ። የክሽክሽ እንስት ያለ ወንድ ትራባለች፣ ልጆቿንም በሕይወት ትወልዳለች። ጥንዚዛ ግን እንቁላል ጥላ፣ ልጆቿ አድገው እስኪጨርሱ ሳምንታት ይፈጃል። ከርጭት በኋላ ማን ቀድሞ እንደሚመለስ ግልጽ ነው።

አስቸጋሪው መለየቱ ነው። ቀይዋን ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ ሁሉም ያውቃታል፤ ልጇን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እጯ እናቷን ጨርሶ አትመስልም። ረዘም ያለች፣ ጠቆር ያለች፣ ጎኗ ላይ ብርቱካናማ ነጥብ ያለባት ትንሽዬ አዞ ናት። አራሚው «ትል ናት» ብሎ በጣቱ ይጨፈልቃታል። እሷ እኮ አድጋ እስክትጨርስ በመቶዎች የሚቆጠር ክሽክሽ ትበላለች! እንቁላሉ ቢጫ ነው፤ ከቅጠሉ ጀርባ ተሰብስቦ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሙቀት ካለ ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈለፈላል። በስልክ ፎቶ አንሱና ለሚያርሙት ሁሉ አሳዩ።

ክሽክሹ መሐል እግር የሌለው ለስላሳ ትል ካያችሁ የአበባ ዝንብ ልጅ ነው፤ ክሽክሹን እንጂ ቅጠል አይነካም። የጎመን ትል ግን እግርም ጭንቅላትም በግልጽ ይታይበታል። አብጦ፣ ቡናማ ሆኖ የደረቀ ክሽክሽ ደግሞ ውስጡ ክሽክሽ የሚገድል ጥቃቅን ተርብ እያደገ ነው። ያንን ቅጠል አትጣሉት።

ጎመኑ ከመተከሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ማሳው ዳር በቆሎ ወይም ማሽላ ዝሩ። የበቆሎ ክሽክሽ ጎመን ላይ አይወጣም፤ ጥንዚዛዎቹ ግን እሱን እየበሉ ይራባሉ። ድንብላልና እንስላልም ጣል ጣል አድርጉ፣ እስኪያብቡም ተዉአቸው። የአበባ ዝንብና ተርቧ ካደጉ በኋላ የአበባ ወለላ ይፈልጋሉ።

ለከብት አልፋልፋ የሚያለማ ጎረቤት ካላችሁ ከሱ ማሳ ጥንዚዛ ማምጣት ይቻላል። እኔ የምመርጠው እጯን ነው፤ ክንፍ ስለሌላት ጥላችሁ አትበርም። ከነቅጠሏ ቆርጣችሁ፣ አመሻሽ ላይ ክሽክሽ የበዛበት ጎመን ላይ አስቀምጧት። ዶሮ ልቀቁበት የሚሏችሁን አትስሙ፤ ዶሮ ከክሽክሹ በፊት ጎመኑን ነው የምትጨርሰው።

ከዚያ በየሦስት ቀኑ ቅጠል ገልብጡ። ክሽክሹ አጠገብ በሊታ ካለ ታገሱ። ከሌለ የተጠቀለለውን ቅጠል ቆርጣችሁ አስወግዱ፣ ያን ቦታ ብቻ በሳሙና ውሃ እርጩ። ሳሙናውም ያገኛትን እጭ ይገድላል፤ ማሳውን በሙሉ እንዳታዳርሱት።

ቲማቲም ላይ ላለው ቱታ ለሚባለው ተባይ ግን ይህን ዘዴ አትመኑት። ትሉ ቅጠሉና ፍሬው ውስጥ ገብቶ ስለሚበላ ጥንዚዛ አታገኘውም። ስለሱ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልን ጠይቁ፤ ከአዳማ ቅርብ ነው።