አያቶቻችን ቤት ውስጥ እንዳይወድቁ፦ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት

አያቴ የወደቁት ደብረ ብርሃን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በኖሩበት ቤት ውስጥ ነው። በዓል ስለነበር ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ከሥሩ ያለው ሊሾ ደግሞ ጠዋት ታጥቦ ገና አልደረቀም። ደግነቱ የተሰበረው እጃቸው ብቻ ነው። «ቤቴ ከዳኝ» ሲሉ ሰነበቱ።

ነገሩ የእኛ ቤት ጣጣ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 684,000 ሰው በመውደቅ እንደሚሞት ይገምታል። በብዛት የሚሞቱት ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው።

መጀመሪያ አብራችሁ ሂዱ

ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ሌሊት እዚያው እደሩ። ለሽንት ሲነሱ ከጎናቸው ሆናችሁ ተመልከቱ። ምን ይይዛሉ? የት ጋ ይቆማሉ? አያቴ ይደገፉ የነበረው ለካ የልብስ መስቀያውን ኖሯል፤ ያውም የሚወዛወዘውን! እጃቸው ያረፈበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መሄጃውን አጽዱ

በርጩማው፣ ረከቦቱ፣ የማከፋፈያው ገመድ ከመንገዳቸው ይነሳ። የላስቲክ ምንጣፉ ጠርዝ ተነስቶ ከሆነ ቁረጡት ወይም በምስማር ምቱት። ቄጠማ አይጎዝጎዝ አልልም፣ በዓል ያለ ቄጠማ አይሆንም። ግን ከአልጋቸው እስከ በሩ ያለው ይተው። የድሮ ቤት ደፍ ከፍ ያለ ነው። ማንሳት ካልተቻለ ነጭ ቀለም ቀቡት፣ ዓይናቸው ቢደክምም ይለዩታል።

መያዣ ሥሩ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብየዳ ቤት ስትሄዱ ክብ የብረት ቱቦ እዘዙ። ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲም ሜትር ይሁን፤ ባለ አራት ማዕዘኑ ለመጨበጥ አይመችም። ከፍታውን የምትለኩት በራሳቸው ቁመት ነው። ጫማቸውን አድርገው ይቁሙ፣ እጃቸውን ዘና አድርገው ወደ ታች ይልቀቁት። የእጅ አንጓቸው ያለበት ቦታ የመያዣው ቦታ ነው።

ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ክፍት ነውና ፊሸር (ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ) ብቻውን አያስተማምንም። ባለሙያው ቀዳዳውን በሲሚንቶ ይሙላው። የጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ልስኑ ላይ የተመታ ምስማር ቀን ጠብቆ ይነቀላል። ቋሚውን እንጨት ፈልጋችሁ እሱ ላይ እሰሩ። ግቢ ውስጥ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ እንጨት ትከሉና መያዣውን አያይዙት። ጉድጓዱ ጠለቅ ይበል፣ በድንጋይም በደንብ ይጠቅጠቅ። ሲያልቅ ከቤተሰቡ ወፈር ያለው ሰው ክብደቱን ጥሎ ይንጠልጠልበት። ከተነቃነቀ ሥራው አላለቀም።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። የኛ አገር ብረት በውርጭ ሌሊት እሳት ነው፣ እጅ ያቃጥላል። አያቴ በመጀመሪያው ሳምንት አንዴም አልነኩትም። የቃጫ ገመድ ስንጠመጥምበት ግን ያዙት።

ሽንት ቤትና ሌሊት

ቁጢጥ ብሎ መነሳት ለጉልበት ከባድ ነው። መሃሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር ጉድጓዱ ላይ ይቀመጥ፣ ከጎኑም መያዣ ይኑር። ለሌሊት ግን ከሁሉም የሚሻለው ፖፖ ነው። ያፍራሉ፣ እምቢ ይላሉ። «ብርዱ እንዳይመታዎት ብለን ነው» በሏቸው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለሚያውቅ ይህ በቂ ምክንያት ነው።

መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ባትሪ በገመድ ታስሮ ራስጌያቸው ላይ ይንጠልጠል። ከትራስ ሥር ከሆነ በዳበሳ ሲፈልጉ ይወድቃሉ።

አልጋው ላይ ሲቀመጡ ውስጥ እግራቸው መሬት በደንብ ይንካ። ከእንቅልፍ ሲነሱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ተቀምጠው ይቆዩ። በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ድንገት ሲቆሙ ዓይናቸው ይጨልማል። ነጠላ ጫማ ይቅር፣ ተረከዝ የሚይዝ ይሁን። የጋቢው ጫፍም አይጎተት።

ግቢው በክረምት ስለሚያዳልጥ መንገዱ ላይ ጠጠር አፍስሱ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ፀሐይ ሳይመታው አይውጡ። ቆላው ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ይህቺን እለፏት።

ከወደቁስ?

ተሯሩጣችሁ አታንሷቸው። መጀመሪያ የት እንዳመማቸው ጠይቁ። አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ዳሌያቸው አካባቢ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ወጌሻ አትጥሩ፣ እግሩንም አትጎትቱ። ብርድ ልብስ ደርባችሁ ባሉበት አቆዩአቸውና አምቡላንስ ጥሩ። መኪና የማይገባበት ሰፈር ከሆነ በቃሬዛ፣ እግሩን ሳታንቀሳቅሱ ሆስፒታል አድርሷቸው።