የተጎዳ ዲኤንኤን ስለሚቀዱ ኢንዛይሞች ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ የሥነ ሕይወት ተማሪዎችን ሳስጠና ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ስህተት፣ ጉዳት ያለበትን ዲኤንኤ የሚቀዱትን ልዩ ፖሊሜሬዞች (ፖሊሜሬዝ ዲኤንኤን የሚቀዳ ኢንዛይም ነው) ጠጋኝ አድርጎ መጻፍ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ታይሚኖችን (ታይሚን ቤዝ ከሚባሉት አራት የዲኤንኤ «ፊደላት» አንዱ ነው) ሲያጣብቅ፣ በፍጥነትና በጥራት የሚቀዳው ዋናው ፖሊሜሬዝ ሁለቱን በአንድነት በጠባቡ የሥራ ቦታው ማስተናገድ ስለማይችል ይቆማል፤ ያን ጊዜ ሰፋ ያለ የሥራ ቦታ ያለው ፖሊሜሬዝ ኢታ ይተካውና በትይዩ የታይሚን ትክክለኛ ጥንድ የሆኑ ሁለት አዴኒኖችን ያስቀምጣል፤ መቅዳቱም ይቀጥላል። ታይሚኖቹ ግን እንደተጣበቁ ናቸው። ጉድጓድ አልፎ የሄደ ባጃጅ ጉድጓዱን ደፈነ እንደማይባል ሁሉ ኢታም ጠገነ አይባልም፤ ጉዳቱን ቆርጠው የሚያወጡት ሌሎች ኢንዛይሞች ናቸው።

ሁለተኛው ስህተት «ስህተት አብዢ» የሚለውን ቅጽል ያለ ገደብ መጠቀም ነው። እነዚህ ኢንዛይሞች ያስገቡትን ቤዝ መልሰው የማረም ችሎታ ስለሌላቸው፣ ጉዳት የሌለበትን ዲኤንኤ ሲቀዱ ከዋናው ፖሊሜሬዝ እጅግ አብልጠው ይሳሳታሉ። በተጣበቁ ታይሚኖች ላይ ግን ኢታ አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛውን ቤዝ ያስገባል። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ዜሮደርማ ፒግሜንቶሰም የተባለው ሕመም «ቫሪያንት» የሚሰኘው ዓይነት ነው፤ ሕሙማኑ ጉዳቱን ቆርጦ የሚያወጣው ጥገና ሳይጓደልባቸው ፀሐይ በነካው ቆዳቸው ላይ ካንሰር ይበዛባቸዋል። የጎደላቸው ኢታ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቦታውን የሚይዙት ሌሎች ፖሊሜሬዞች በዚህ ጉዳት ላይ ይበልጥ ስለሚሳሳቱ ሚውቴሽኑ (በዲኤንኤው ላይ የሚቀር የቤዝ ለውጥ) ይበረክታል፤ ስለዚህ «ኢታ ባይኖር ሚውቴሽን ይቀንስ ነበር» የሚለው መልስ ነገሩን ገልብጦ ያስቀምጠዋል። (ሐይቃችን ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታቸው በሚውሉ ዓሣ አጥማጆች ቆዳ ውስጥ ይህ ኢንዛይም ሥራ ይፈታል ብዬ አላስብም።)

ኢንዛይሞቹ ያለ ጥሪ የሚገቡ አስመስሎ መጻፍም ነጥብ ያስቀንሳል። ቅጂው ሲቆም፣ ዲኤንኤውን ከብቦ ፖሊሜሬዙን የሚይዘው ፒሲኤንኤ የተባለ ቀለበት መሰል ፕሮቲን ላይ ራድ6 እና ራድ18 የተባሉ ኢንዛይሞች ዩቢኩዊቲን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ይለጥፋሉ፤ ይህ ምልክት ልዩውን ፖሊሜሬዝ ያቀርበዋል፤ እርሱም ጥቂት ቤዞችን ብቻ ቀድቶ ለዋናው ይለቃል።

በመጨረሻም ኢታን ምንጊዜም የሕመምተኛው ወዳጅ ማድረግ ስህተት ነው። ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድለው የዲኤንኤያቸውን ቤዞች እርስ በርስ በማቆራኘት ሲሆን፣ ኢታ ያንንም ጉዳት ማለፍ ስለሚችል መድኃኒቱ የታለመላቸው ሕዋሳት ሊተርፉ ይችላሉ።